ርቀትን የሚያውቅ ፎቶግራፍ፦ ከአየር ካርታ እስከ እጅ ስልክ

ከአርባ ምንጭ ከተማ የላይኛው ክፍል ከሴቻ ጫፍ ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ ለሚመለከት ሰው ምድሩ በእርከን በእርከን ተደርድሮ ይታየዋል። ከእግሩ ሥር ገደሉና ከተማዋ ስሟን ያገኘችበት የምንጮች ደን አለ። ከዚያ ወዲያ በስተግራ ቡናማው የአባያ ሐይቅ፣ በስተቀኝ ሰማያዊው የጫሞ ሐይቅ ተዘርግተዋል። በሁለቱ መካከል የእግዜር ድልድይ የሚባለው የተራራ ጀርባ ይዘልቃል፤ ከእርሱም ማዶ የነጭ ሣር ሜዳና ሩቅ ጋራዎች ይታያሉ። በምረቃ ሰሞን የዩኒቨርሲቲው ተመራቂዎች፣ በሠርግ ወራት ሙሽሮች፣ በሌላውም ጊዜ መንገደኞች ከዚህ ገጽታ ፊት ቆመው ፎቶግራፍ ይነሣሉ። ዛሬ ፎቶግራፉን የሚያነሣው አብዛኛውን ጊዜ የእጅ ስልክ ነው። ስልኩም የሰውየውን ፊት አጥርቶ፣ ከኋላው ያሉትን ሐይቆችና ጋራዎች በለስላሳ ጭጋግ የተሸፈኑ አስመስሎ ያወጣቸዋል።

ይህን የሚመለከት ሰው ሁለት ጥያቄዎች ሊያነሣ ይገባዋል። የመጀመሪያው የሥነ ዘዴ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ከሁለት ሜትር ርቀት ላይ የቆመውን ሰው ከብዙ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ካለው ሐይቅ ለይቶ የሚያውቅ መሣሪያ ይህን ዕውቀት ከየት አገኘው? የሚል ነው። ሁለተኛው ከዚህ የጠለቀ ነው፤ ሰው ሆን ብሎ ሊያየው የመጣው ገጽታ ከፎቶግራፉ ላይ ሲደበዝዝ የሚጠፋው ነገር ምንድን ነው? የሚል ነው። የሁለቱም መልስ የሚገኘው በታሪክ ውስጥ ነው። ከፎቶግራፍ ላይ ርቀትን የማውጣት ጥበብ ከእጅ ስልክ እጅግ አስቀድሞ የተወለደ፣ በኢትዮጵያም ምድር ላይ ረጅም ዘመን የሠራ ጥበብ ነውና።

ሁለት ዓይንና አንድ ምስል

ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ገብቶ በጨለማ ክፍል ግድግዳ ላይ የውጭውን ዓለም ገልብጦ እንደሚያሳይ ኢብን አል ሃይሠም በ11ኛው መቶ ዓመት መግቢያ ላይ በብርሃን ጥናቱ በሰፊው መርምሮታል። ይሁን እንጂ በግድግዳው ላይ ያረፈው ምስል ርቀቱን ያጣ ምስል ነበር። ቅርቡም ሩቁም በአንድ ገጽ ላይ ተለጥፎ ይታያል፤ የትኛው ከየትኛው እንደሚቀድም የሚናገር ምንም ምልክት የለም።

የጠፋውን ርቀት መልሶ ማግኛ መንገድ ያሳየው እንግሊዛዊው ቻርልስ ዊትስተን ነው። እ.ኤ.አ. በ1838 ለንጉሣዊው የሳይንስ ማኅበር ባቀረበው ጥናት፣ የሰው ሁለት ዓይኖች በ6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ተራርቀው ስለተቀመጡ እያንዳንዳቸው ጥቂት የተለያየ ምስል እንደሚያዩ፣ አእምሮም ከዚህ ልዩነት ርቀትን እንደሚገነዘብ አስረዳ። ሁለት ምስሎችን ለየዓይኑ ለይቶ የሚያሳየውን ስቴሬዮስኮፕ የተባለ መሣሪያም ሠራ። የሚያስገርመው ግን ፎቶግራፍ ለሕዝብ ይፋ የሆነው በተከታዩ ዓመት በ1839 በመሆኑ የመጀመሪያዎቹ ጥንድ ምስሎች በእጅ የተሣሉ መሆናቸው ነው። ስለዚህ ጥልቀትን ከምስል የማውጣት መርሕ ከፎቶግራፍ ራሱ ይቀድማል ማለት ይቻላል።

መርሑ ቀላል ነው። አንድ ነገር ከሁለት የተለያዩ ቦታዎች ሲታይ ቦታውን የቀየረ ይመስላል። ቅርብ ያለው ብዙ ይንቀሳቀሳል፣ ሩቅ ያለው ጥቂት ይንቀሳቀሳል። በአውቶቡስ መስኮት የሚያይ መንገደኛ የመንገዱ ዳር ዛፍ ወደ ኋላ ሲሮጥ፣ የሩቁ ጋራ ግን አብሮት ሲጓዝ እንደሚያየው ማለት ነው። ይህ የቦታ መለዋወጥ ፓራላክስ ይባላል። የሁለቱ መመልከቻዎች ርቀትና የሌንሱ የትኩረት ርዝመት ከታወቁ፣ የፓራላክሱ መጠን የነገሩን ርቀት ይሰጣል።

ካርታ ሠሪዎችና ፎቶግራፍ በኢትዮጵያ

በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ከመሐንዲሶቹ ክፍል ጋር የፎቶግራፍ ባለሙያዎችን ይዞ መጥቶ ነበር። የእነዚህ ባለሙያዎች ተግባር የጦር አለቆችን መልክ ማስቀረት ብቻ አልነበረም፤ የመንገድ ንድፎችንና ካርታዎችን በፎቶግራፍ ማባዛት ዋና ሥራቸው ነበር። በዚህ አጋጣሚ የሰሜን ኢትዮጵያን መልክዓ ምድር የሚያሳዩ ፎቶግራፎችም ተነሡ። የዚያ ዘመን ዘዴ መስታወቱ በኬሚካል ተቀብቶ እርጥብ ሳለ ብርሃን እንዲያይና ወዲያው እንዲታጠብ ያስገድድ ስለነበር ሥራው አድካሚ ነበር። ሆኖም መልክዓ ምድር የሚያነሡ ሰዎች የሌንሱን ቀዳዳ አጥብበው ረጅም ጊዜ ያበሩ ስለነበር ቅርቡም ሩቁም ጥርት ብሎ ይወጣላቸው ነበር። ይህ ጥራት ከብዙ ዘመን በኋላ ያስገኘውን ጥቅም ይህ ጽሑፍ በመጨረሻው ክፍል ይመለስበታል።

ወደ ጋሞ ምድር ስንመለስ፣ የአውሮፓ ካርታዎች ይህን አካባቢ ያወቁት በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ ነው። ኢጣሊያዊው ቪቶሪዮ ቦቴጎ እ.ኤ.አ. ከ1895 እስከ 1897 ባደረገው ጉዞ አባያን በንግሥቱ በማርጌሪታ ስም ጠራው፤ ጫሞም በሌላው ኢጣሊያዊ መንገደኛ በሩስፖሊ ስም በካርታ ላይ ተጻፈ። ባለአገሩ ግን ሐይቆቹን በራሳቸው ስም መጥራቱን አላቋረጠም፤ ዛሬም ካርታው የሚያውቀው የባለአገሩን ስም ነው።

ከአየር የተነሣ ፎቶግራፍ በስፋት የመጣው ከኢጣሊያ ወረራ ጋር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1935 እስከ 1941 ባለው ጊዜ የኢጣሊያ የካርታ ክፍሎች የአገሪቱን ብዙ ሥፍራ ከአውሮፕላን አነሡ። ከዚያ ዘመን የቀሩ ከ8,000 በላይ የፎቶግራፍ ሰሌዳዎች በአዲስ አበባ በካርታ ሥራ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሲገኙ፣ ኢትዮጵያውያንና ቤልጅጋውያን ተመራማሪዎች መርምረው መዝግበዋቸዋል። እያንዳንዱ ሰሌዳ 50 በ20 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ቀጥታ ወደ ታች የተነሣ አንድ ፎቶግራፍ፣ ከግራና ከቀኙ ዘንበል ብለው የተነሡ ሁለት ፎቶግራፎች፣ አድማስን የሚያሳይ አንድ ሌላ ፎቶግራፍ ተለጥፈውበታል። ለወረራ የተሠራ ዕቃ በኋለኛው ዘመን ለአፈርና ለደን ጥናት ምስክር ሆኖ መገኘቱ የታሪክ ምጸት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የኢትዮጵያና የአሜሪካ የጋራ የካርታ ሚሲዮን አገሪቱን በአየር ፎቶግራፍና በምድር ልኬት ሸፈነ። የብሔራዊው የካርታ ሥራ መሠረት ከዚህ ተጣለ፤ 1፡50,000 መጠነ ልኬት ያላቸው፣ በብዙው ሥፍራ በየ20 ሜትሩ የከፍታ መስመር የተሠመረባቸው ካርታዎችም ከአየር ፎቶግራፍ እየተቀዱ ወጡ። የማኅበሩ አባላት ከመንገድ ቅየሳ እስከ መስኖ ግድብ ድረስ በእነዚህ ካርታዎች ሳይሠሩ አልቀሩም። አርባ ምንጭ ራሷ በዚያው ዘመን የተቆረቆረች፣ የጋሙ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማነትን ከደጋዋ ከጨንቻ የተረከበች ከተማ ናት።

የ20 ሜትር መስመር ከፎቶግራፍ እንዴት ይወጣል? በዘመኑ የተለመደው የአየር ካሜራ 152 ሚሊ ሜትር የትኩረት ርዝመት ያለው ሌንስና ጎኑ 23 ሴንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ፊልም ነበረው። የፎቶግራፉ መጠነ ልኬት 1፡50,000 እንዲሆን አውሮፕላኑ ከመሬቱ 7,600 ሜትር ከፍ ብሎ ይበርራል። አንዱ ፎቶግራፍ 11.5 ኪሎ ሜትር ያህል ይሸፍናል፤ ተከታዩ ፎቶግራፍ ከፊተኛው ጋር 60 በመቶ እንዲደራረብ ሲደረግ በሁለቱ መካከል አውሮፕላኑ 4.6 ኪሎ ሜትር ተጉዟል። እንግዲህ ይህ አውሮፕላን ሁለት ዓይኖቹ በ4.6 ኪሎ ሜትር የተራራቁ ግዙፍ ፍጡር ነው ማለት ነው። በዚህ ሁኔታ የ20 ሜትር የከፍታ ልዩነት በፊልሙ ላይ 0.24 ሚሊ ሜትር ያህል የፓራላክስ ልዩነት ይፈጥራል። ባለሙያው በስቴሬዮ መሣሪያ አጎንብሶ የሚለካው ይህንን ነበር።

የጋሞ ምድር ለዚህ ሥራ ፈታኝ ነው። የአባያ ውኃ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,170 ሜትር ገደማ ላይ ሲተኛ ጨንቻ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ የጉጌ ተራራም ከ4,000 ሜትር በላይ ይዘልቃል። በአንድ ጥንድ ፎቶግራፍ ውስጥ 1,000 ሜትር የከፍታ ልዩነት ቢኖር፣ በሸለቆው ወለል 1፡50,000 የሆነው መጠነ ልኬት በገደሉ አናት ላይ ወደ 1፡43,000 ይለወጣል፤ የፓራላክሱም ልዩነት ወደ 14 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። አንድ ፎቶግራፍ ብቻውን ካርታ ሊሆን የማይችለው ስለዚህ ነው። ርቀቱ ካልታወቀ መጠኑም አይታወቅም።

ይኸው መርሕ ወደ ኅዋ ወጣ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 ኤንዴቨር የተባለችው የኅዋ መንኮራኩር በ60 ሜትር ዘንግ የተራራቁ ሁለት የራዳር አንቴናዎችን ይዛ ለ11 ቀን ምድርን በመዞር፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ የአብዛኛውን የየብስ ክፍል ከፍታ ለካች። ከዊትስተን 6 ሴንቲ ሜትር እስከ አውሮፕላኑ 4.6 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያም እስከ መንኮራኩሯ 60 ሜትር መሣሪያው ቢለዋወጥም ሐሳቡ አንድ ነው፦ ከሁለት ቦታ ማየት።

ፎቶ ቤትና መጋረጃው

ካርታ ሠሪው ሁሉም ነገር ጥርት ብሎ እንዲታይ ሲደክም፣ የሰው ፎቶግራፍ አንሺ ተቃራኒውን ይፈልግ ነበር። በአፄ ምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ የነበረው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን፣ ከእርሱም በኋላ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒ የነገሥታቱንና የመኳንንቱን መልክ በማስቀረት ይታወቃሉ። በየከተማው የተስፋፉት ፎቶ ቤቶችም ባለጉዳዩን ከዕለት ኑሮው ለይተው በተሣለ መጋረጃ ፊት ያቆሙት ነበር። በመጋረጃው ላይ ሐይቅ፣ አበባ፣ አንዳንዴም አውሮፕላን ይሣልበታል። ባለጉዳዩ እንደ ልቡ የመረጠው ዳራ ነው እንጂ የቆመበት ቦታ አይደለም። የዛሬው ስልክ የሚያደርገው ነገር የዚሁ መጋረጃ ልጅ መሆኑን መገንዘብ ያሻል፤ ሰውየውን ከቦታው ለይቶ ማክበር የቆየ ልማድ ነውና።

መጋረጃ የሌለው ባለሙያ ደግሞ ይህንን የሚያገኘው በሌንሱ ነበር። ሌንስ በአንድ ጊዜ በትክክል የሚያጠራው አንድን ርቀት ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህም ወዲያም ያለው ነጥብ በፊልሙ ላይ ነጥብ ሆኖ ሳይሆን ትንሽ ክብ ሆኖ ያርፋል። ብዙ ክቦች ሲደራረቡ ድብዘዛ ይሆናሉ። የድብዘዛውን ጠባይ፣ ለስላሳነቱንና ሸካራነቱን የሚገልጽ ቃል ጃፓኖች ነበራቸው፤ ቦኬ የሚለው ይህ ቃል እ.ኤ.አ. በ1997 በአንድ የአሜሪካ የፎቶግራፍ መጽሔት አማካይነት ወደ ሌላው ዓለም ተሻገረ።

የድብዘዛ ሒሳብ

የክቡን ስፋት ለመገመት የተወሳሰበ ስሌት አያስፈልግም። የሚነሣው ሰው በቆመበት ርቀት ላይ ሲለካ፣ የክቡ ስፋት የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት በአንድ ክፍልፋይ ተባዝቶ ነው፤ ክፍልፋዩም ከዳራው ርቀት የሰውየው ርቀት ሲቀነስ የሚገኘው ለዳራው ርቀት ተካፍሎ ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። 85 ሚሊ ሜትር የትኩረት ርዝመት ያለው፣ ቀዳዳው 47 ሚሊ ሜትር የሆነ የፎቶ ቤት ሌንስ ከሴቻ ጫፍ ላይ 2 ሜትር ርቆ የቆመን ተመራቂ ያነሣል። ካሜራው በ3 ሜትር ላይ ያለውን አጥር በ16 ሚሊ ሜትር ክብ ያደበዝዘዋል፤ በ5 ሜትር ያለውን ቁጥቋጦ በ28፣ በ20 ሜትር ያለውን ዛፍ በ42፣ በ5 ኪሎ ሜትር ያለውን ሐይቅ ደግሞ በ47 ሚሊ ሜትር ክብ ያደበዝዘዋል። የሰው ፊት ስፋት ወደ 150 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የሐይቁ ዳር በፊቱ ሲሶ ያህል ተበትኗል ማለት ነው። የእጅ ስልክ ሌንስ ቀዳዳ ግን 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ሐይቁን ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ሊያደበዝዘው አይችልም፤ ይህም በዓይን አይታይም። ትንሹ ቀዳዳ ስልኩን ሳይወድ በግድ ካርታ ሠሪ አድርጎታል፤ ሁሉንም ያጠራል።

ከእነዚህ ቁጥሮች ሁለት ትምህርት ይገኛል። አንደኛው፣ ከ20 ሜትር እስከ 5 ኪሎ ሜትር ያለው ሰፊ ርቀት በሙሉ ከ42 ወደ 47 ሚሊ ሜትር ብቻ ይለያያል። ለድብዘዛ ሩቁን በትክክል ማወቅ አያስፈልግም፤ ወሳኙ በሰውየው ዙሪያ ያሉት ጥቂት ሜትሮች ናቸው። ሁለተኛው፣ ፓራላክስም ድብዘዛም በርቀት ተገላቢጦሽ ይለወጣሉ። ስለዚህ ስልኩ ርቀቱን በሜትር አስልቶ ማውጣት እንኳ አያስፈልገውም፤ የለካውን ፓራላክስ በቀጥታ ወደ ክብ ስፋት ይለውጠዋል። ይህም በአጋጣሚ የሆነ አይደለም፤ ሰፊ የሌንስ ቀዳዳ ራሱ ግራ ጠርዙና ቀኝ ጠርዙ ዓለምን ከሁለት ቦታ የሚያዩ ብዙ ዓይኖች ስብስብ ስለሆነ ነው።

ሰው ሠራሹ ሌንስ

ድብዘዛን በስሌት መሥራት የተጀመረው በካሜራ ላይ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1981 ፖትሜሲልና ቻክራቫርቲ በኮምፒዩተር ለሚሣሉ ሥዕሎች የሌንስና የቀዳዳ ስሌት አቀረቡ፤ የእያንዳንዱ ነጥብ ርቀት በኮምፒዩተሩ ስለሚታወቅ ነጥቡን ወደ ተገቢው ክብ መበተን ቻሉ። በ1984 ኩክ፣ ፖርተርና ካርፔንተር የብርሃን ጨረሮችን በሌንሱ ገጽ ላይ በመበተን ይበልጥ እውነተኛ የሆነውን ዘዴ አሳዩ። በእነዚህ ሥራዎች ርቀቱ የተሰጠ ነበር። በፎቶግራፍ ግን ርቀቱ መፈለግ ነበረበት።

እ.ኤ.አ. በ2014 ኤችቲሲ ርቀት መለኪያ የሆነ ሁለተኛ ካሜራ ያለው ስልክ አወጣ። በዚያው ዓመት ጉግል ባለ አንድ ሌንስ ስልክን ተጠቃሚው ቀስ ብሎ ወደ ላይ ከፍ ሲያደርገው፣ ከተከታታዮቹ ምስሎች ርቀትን የሚያወጣ ፕሮግራም አቀረበ፤ ይህ የአየር ካሜራው በረራ በሰው እጅ መዳፍ ላይ ሲደገም ነው። በ2016 አፕል ሁለት ሌንሶችን ጎን ለጎን በያዘው አይፎን 7 ፕላስ የሰው ፎቶግራፍ ድብዘዛን ለብዙኃኑ አደረሰው። በ2017 የጉግል ፒክስል 2 በአንድ ሌንስ ብቻ ይህን ሠራ፤ እያንዳንዱን የብርሃን ተቀባይ ፒክስል ለሁለት ከፍሎ ከሌንሱ ግራና ቀኝ ግማሾች የሚመጡትን ሁለት ምስሎች አነጻጸረ። በሁለቱ ዓይኖች መካከል ያለው ርቀት ከ1 ሚሊ ሜትር ያነሰ በመሆኑ ፓራላክሱ ለብቻው አይበቃም ነበር። ስለዚህ ሰውን ከዳራ የሚለይ፣ በብዙ ምሳሌ የሠለጠነ የስሌት መረብ ተጨመረበት። ከዚያ ወዲህ ከአንድ ምስል ብቻ ርቀትን የሚገምቱ መረቦች ተስፋፍተዋል።

በመለካትና በመገመት መካከል ግን ልዩነት አለ። በተሣለ መጋረጃ ፊት የቆመን ሰው ሁለት ሌንስ ያለው መሣሪያ ቢያነሣው፣ መጋረጃው አንድ ወጥ ገጽ መሆኑን በፓራላክስ ያውቃል። ከአንድ ምስል የሚገምተው መረብ ግን በመጋረጃው ላይ የተሣለውን ሐይቅ እውነተኛ ሩቅ ሐይቅ አድርጎ ሊወስደው ይችላል። የቀድሞው ፎቶ ቤት ብልሃት የዛሬውን ስሌት ያታልላል ማለት ነው።

ነጠላ፣ ቀርከሃና የውኃ ብልጭታ

የዚህን ሥነ ዘዴ ወሰን ለመፈተን ከጋሞ የተሻለ ቦታ አይገኝም። የመጀመሪያው ፈተና ነጠላ ነው። የዶርዜ ሸማኔዎች የሚሠሩት ስስ ጨርቅ ብርሃን ያሳልፋል። ከትከሻ ላይ ወርዶ በነፋስ በሚንሳፈፍበት ሥፍራ አንዱ ፒክስል ክሩንም በስተኋላው ያለውንም ጋራ በአንድነት ይይዛል። ለዚህ ፒክስል ርቀቱ አንድ ነው ወይስ ሁለት? ተራው የርቀት ካርታ ለአንድ ነጥብ አንድ ቁጥር ብቻ ስለሚሰጥ፣ የጨርቁ ጫፍና ዘርፉ ወይ ከሰውየው ጋር ጠርተው ጋራውን ይዘው ይቀራሉ፣ ወይ ከጋራው ጋር ደብዝዘው ይጠፋሉ። ብልህ የሆነው ስሌት ለእያንዳንዱ ፒክስል ምን ያህሉ ጨርቅ፣ ምን ያህሉ ዳራ እንደሆነ በመቶኛ ይገምታል።

ሁለተኛው የዶርዜ ቤት ነው። ከቀርከሃ ተጠልፎ በእንሰት ቅጠል የሚሸፈነው ይህ ረጅም ቤትና የግቢው የቀርከሃ አጥር በጥልፉ መካከል ጥቃቅን ክፍተቶች አሏቸው። በክፍተቶቹ ውስጥ የሚታየው ሩቅ ምድር መደብዘዝ ሲገባው፣ ስልኩ አጥሩን አንድ ግድግዳ አድርጎ ስለሚቆጥረው ሳይደበዝዝ ይቀራል። ዓይን ስሕተቱን ወዲያው ያየዋል፤ ምን እንደሆነ ግን ላይናገር ይችላል።

ሦስተኛው የጫሞ የውኃ ብልጭታ ነው። ፀሐይ በማዕበል ላይ ስታርፍ የምትሰጠው ብርሃን ካሜራው ሊመዘግብ ከሚችለው ወሰን በላይ ነው። እውነተኛ ሌንስ ይህን ብልጭታ ሲበትነው ደማቅ ክብ ይሆናል፤ ብርሃኑ እጅግ ብዙ ስለሆነ ቢከፋፈልም አያልቅም። ስልኩ ግን የመዘገበው የወሰኑን ጣሪያ ብቻ ስለሆነ፣ ሲበትነው ግራጫ ጉድፍ ይወጣል። መፍትሔው በተለያየ የብርሃን መጠን የተነሡ ምስሎችን አዋሕዶ እውነተኛውን የብርሃን መጠን መመለስ፣ ድብዘዛውንም ምስሉ ለዕይታ ከመስተካከሉ በፊት በዚያው መጠን ላይ ማስላት ነው።

አራተኛው ከሰውየው ጠርዝ በስተጀርባ ያለው ነው። ሰፊ ሌንስ በሰውየው ትከሻ ዙሪያ ጥቂት አልፎ ያያል፤ ጠባቡ የስልክ ቀዳዳ ያላየውን ግን ስሌቱ በግምት ይሞላዋል። ከዚህም በላይ ድብዘዛው የምስሉን ጥቃቅን የብርሃን ጫጫታ ጠርጎ ስለሚያጠፋ ዳራው ከሰውየው ይልቅ የለሰለሰ ሆኖ ይጋለጣል፤ ስለዚህ ሠሪዎቹ ያጠፉትን ጫጫታ መልሰው ይዘሩበታል። እውነት እንዲመስል ሲባል ጉድለት በጉልበት ይጨመራል።

ዳራው የማን ነው?

አሁን ወደ መቅደላው ፎቶግራፎች እንመለስ። እነዚያን ምስሎች ያነሡት ሰዎች ስለ ቁጥቋጦና ስለ እርከን አላሰቡም። ነገር ግን ከ140 ዓመት በኋላ ተመራማሪዎች ያንኑ ቦታ ፈልገው፣ ካሜራቸውን በዚያው ሥፍራ ተክለው ደግመው አነሡት። ሁለቱን ሲያነጻጽሩ በሰሜን ኢትዮጵያ በብዙ ሥፍራ የዛፍና የቁጥቋጦ ሽፋን ከድሮው የተሻለ ሆኖ ተገኘ። መሬቱ ከዘመን ዘመን እየተራቆተ ብቻ ሄዷል የሚለው የተለመደ አባባል በአንድ አሮጌ መስታወት ላይ በቀረ ዳራ ምክንያት እንደገና ተጠየቀ። የኢጣሊያ ሰሌዳዎችም ለእንዲህ ያለው ጥናት በር ከፍተዋል። ፎቶግራፍ አንሺው ያላሰበው፣ ከዋናው ጉዳይ በስተኋላ የነበረው፣ የታሪክ ዋና ምስክር ሆነ።

ዛሬ ከአርባ ምንጭ ገደል ላይ በአንድ የምረቃ ሳምንት የሚነሡት ፎቶግራፎች የመቅደላው ዘመቻ ካነሣቸው ሁሉ ይበልጣሉ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከእያንዳንዱ ተመራቂ በስተኋላ የአባያ ዳርቻ፣ የውኃው የደለል ቀለም፣ የምንጮቹ ደን ጠርዝ፣ እ.ኤ.አ. በ1974 የተቋቋመው የነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ ሜዳ አለ። ይህ ሁሉ ሳይታሰብ የሚሰበሰብ መዝገብ ነው። ነገር ግን ስልኩ በየምስሉ ላይ መዝገቡን በ47 ሚሊ ሜትር ክብ ያጥበዋል። ከ100 ዓመት በኋላ ሐይቁ ምን ያህል እንደሸሸ ወይም እንደሰፋ ሊያውቅ የሚፈልግ ሰው የሺህ ተመራቂዎችን ደስታ ያያል፤ ሐይቁን ግን አያየውም።

ይህ ማለት ድብዘዛ ነውር ነው ማለት አይደለም። ፊትን ለይቶ ማክበር ከፎቶ ቤቱ መጋረጃ ጀምሮ የነበረ ሥነ ጥበብ ነው። በጨንቻ ገበያ ሳይጠየቅ በምስል ውስጥ የገባን ሰው መልክ መሸፈንም ጨዋነት ነው። ጉዳዩ ሌላ ነው። በእውነተኛ ሌንስ የደበዘዘ ዳራ ተመልሶ አይገኝም፤ በስሌት የደበዘዘው ግን ደብዝዞ አልተወለደም። ጥርት ያለው ምስል በስልኩ ውስጥ ነበረ። ከ2014 የጉግል ፕሮግራም ጀምሮ ጥርቱን ምስልና የርቀት ካርታውን በዚያው ፋይል ውስጥ ደብቆ የማስቀመጥ ዘዴ ይታወቃል። ምስሉ በመልእክት መላኪያ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ግን ብዙውን ጊዜ የሚጓዘው የተደበዘዘው ገጽ ብቻ ነው፤ ጥርቱ ከአሮጌው ስልክ ጋር ይቀበራል።

እዚህ ላይ የመሐንዲሱ ኃላፊነት ይመጣል። የግድብ ስንጥቅ፣ የመንገድ ናዳ፣ የቦረቦር አፍ የሚያሳይ ፎቶግራፍ የሙያ ሰነድ ነው። በእንዲህ ያለ ሰነድ ላይ ስልኩ በራሱ ፈቃድ የጨመረው ድብዘዛ ከተሰረዘ ልኬት አይተናነስም፤ በስንጥቁ ዳር ያለው ጥርት መስመርም በስሌት የተገመተ ጠርዝ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በሥራ ቦታ የድብዘዛው ስልት ሊዘጋ፣ ዋናው ምስል ሊቀመጥ፣ የተነሣበት ቀንና ቦታም አብሮ ሊጻፍ ይገባል። በ1979 ዓ.ም. በውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትነት ተመሥርቶ በ1996 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲነት ያደገው የአርባ ምንጭ የትምህርት ተቋም ያለበት ከተማ፣ በ2011 ዓ.ም. በራሱ ዞን የተደራጀው የጋሞም ሕዝብ፣ የአባያንና የጫሞን ዳርቻ ከየቤተሰቡ ፎቶግራፍ ሰብስቦ የሚያኖር መዝገብ ቢጀምሩ፣ ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ በየሰው ኪስ ውስጥ አለ።

የካርታ ሠሪው ትውልድ በስቴሬዮ መሣሪያ ላይ አጎንብሶ ሩብ ሚሊ ሜትር የሚለካው፣ ምድሩ እንዳለ እንዲታወቅ ነበር። ዛሬ ያው ሒሳብ በስልክ ውስጥ ተቀምጦ ምድሩ እንዳይታይ ይሠራል። ሒሳቡ ጥፋት የለበትም፤ የሚያዝዘው ሰው ነው። ከሴቻ ጫፍ የቆመው ተመራቂ አንዱን ፎቶግራፍ ለፊቱ ቢያነሣ፣ ሁለተኛውን ደግሞ ድብዘዛውን ዘግቶ ለሐይቁ ቢያነሣ፣ ለልጅ ልጆቹ ሁለት ነገር አኖረላቸው ማለት ነው፦ ማን እንደነበረና የት እንደቆመ።